ሦስት ጊዜ የተጠየቀ ሰው

እኔ ቁጥር ለቃሚ፣ እሱ ዛጎል ለቃሚ፤
እኔ ፖርቶ ሞንት ቢሮ ወንበር ላይ ከራሚ፣
እሱ ቺሎዌ ደሴት፣ ዝናብ በማያባራበት፣
በእንጨት ምሰሶ ላይ ከባሕር በቆመ ቤት።
አንድም ቀን አልተያየን።
ኦኖፍሬ ማንሲያን የማውቀው በመልሱ፤
ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ሆኗል እሱ።

*

የመጀመሪያው ዓመት
ኤዱቪሔስ ሄደች፣ በጀልባ ተሻግራ፣
እርሳስና ቅጿን በላስቲክ ቋጥራ።
ምድጃ ጥግ አስቀመጧት፣ ካልሲዋን አደረቁላት፣
የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ አቀረቡላት።
ከበላች በኋላ ጠየቀች በቀስታ፦
«እንዴት ነው በጥቅሉ ጤናዎ፣ የእኔ ጌታ?»
በር ላይ ሚስቱ ቆማለች፣ እጇን በጨርቅ እያበሰች፤
«ተመስገን ነው» አለ፤ «በጣም ጥሩ» ብላ ጻፈች።
«ይጠጣሉ?» ብትለው
ሚስቱን አየት አድርጎ፦ «ለበዓል፣ አንድ ብርጭቆ።»
«እንቅልፍስ?» «እንደ ሕፃን!» ሳቀ፣ ሳሉን ደብቆ።
ድንችህን ለበላ፣ ካልሲው እሳትህ ዳር ለጨሰ ሰው፣
ቁስልን ገልጦ ማሳየት ለጨዋ ነውር ነው።

*

በሁለተኛው ዓመት በጀቱ ተቆረጠ፤
ጀልባውም ድንቹም ቀረ፤ ስልክ ተመረጠ።
ከሳንቲያጎ አንዲት ልጅ፣ ስሟን በጥድፊያ ብላ፣
አምስቱን አማራጮች አነበበች አከታትላ።
ጆሮውን ባሕር የገፋው፣ ከዚያ ሁሉ የደረሰው
«ደካማ» እና «በጣም ደካማ»፣ የመጨረሻው ሁለቱ ነው።
ከሁለት ክፉ አንዱን፣ የሚሻለውን መርጦ፣
«ደካማ» አለ፣ ስልኩን ወደ ደህናው ጆሮ ለውጦ።

*

ሦስተኛው ዓመት ላይ ድምፅም ሰውም ቀረ፤
በልጅ ልጁ ስልክ ላይ ማስፈንጠሪያ ሰፈረ።
ኤርሜሊንዳ ስትተኛ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ፣
መነጽሩን አጥልቆ፣ በአንዲት ጣት በዝግታ፣
ለኤዱቪሔስ ያልነገራትን ለመስታወቱ ነገረው፤
መስታወት ድንች አይበላም፣ አይታዘበው።
«ይጠጣሉ?» «በየቀኑ።» «ይተኛሉ?» «አልተኛም።»
«ተስፋስ ቆርጠው ያውቃሉ?» እዚያ ላይ አልነካም፣
አራት ደቂቃ ሙሉ። ማሽኑ ጊዜ ይመዘግባል።
ከዚያ «አዎ»ን ነካ። ማን ያያል? ማን ይሰማል?

ጎረቤቶቹ ግን፣ ዘመናይ ስልክ የሌላቸው ሁለት ባልቴት፣
አምና የተቆጠሩ፣ ዘንድሮ የሉም በቁጥር ቤት።
አልሞቱም፤ ድንች ይተክላሉ።

*

አለቃዬ ዶን ፋውስቲኖ ሦስቱን ነጥብ አጋጥሞ
በቀይ አሰመረ፦ «ቁልቁል ወረደ፣ ደሴቱ ሁሉ ታሞ!
ውሃው ነው? አየሩ ነው? የዓሣው እርባታ?
ለሚኒስቴሩ ይድረስ፣ ሪፖርቱ ዛሬ ማታ።»

ሣጥን ከፈትኩ። የኤዱቪሔስ ቅጽ፣ የድንች ወዝ የነካው፤
በኅዳጉ በእርሳስ፣ ማንም ያልቆጠረው፦
«ሚስቱ በር ላይ ነበረች። የመለሰው ለእሷ ነው።»

ለዚህ ኮድ አልተሰጠም።
ሰውየው ታመመ? እንጃ። ምናልባት አልታመመም፤
ምናልባት ያኔም ታሞ፣ ለእንግዳ ሲል ደብቆት፤
ምናልባት ዛሬም ይስቃል፣ ጀልባ ጠያቂ ቢያመጣለት።
መስፈሪያው ሲለወጥ እህሉ ጎደለ አይባልም፤
በቁና የሰፈሩት በእፍኝ ከሰፈሩት አይተካከልም።

ቀዩን መስመር ቆረጥኩት።
በነጥብና በነጥብ መሐል ሦስት ጣት ባዶ ተውኩ፤
«እዚህ ጋ የተለወጠው ጠያቂው ነው» ብዬ ግርጌ ላይ ጻፍኩ።

ጋዜጣው ግርጌውን ቆርጦ፣ መስመሩን መልሶ ቀጠለው፤
«ቺሎዌ ታመመች» ብሎ በትልቁ አወጣው።

ያ ባዶ ቦታ ግን እኔ ዘንድ አለ፣ መሳቢያዬ ውስጥ፤
ትክ ብዬ ሳየው በር ይመስለኛል፣
በሩ ላይ ሴት ቆማለች፣
ምንም አትልም፣
እጇን በጨርቅ ታብሳለች።